ሁለት ጊዜ ስለተከፈለው ሙጫ

የምስክር ቃል መቀበያ
ምስክር፦ የእንጨት ሥራ ድርጅቱ ሂሳብ ሠራተኛ፣ በሥራ ቦታዋ «ደረሰኝ» በሚል ቅጽል የምትታወቅ
ዕድሜ፦ 44
አድራሻ፦ ከእንጨት መጋዘኑ ጀርባ፣ ባለ ሦስት ፎቁ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15
ጉዳዩ፦ ስለጠፋ ሰውና ስለ ባንክ ካርዱ አጠቃቀም

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ማንም ሳያስገድደኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ፣ ስለማውቀው ነገር ስጠየቅ የሚከተለውን ተናግሬያለሁ።

በድርጅቱ ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት ስሠራ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ድርጅቱ በርና መስኮት፣ ጠረጴዛና አልጋ የሚሠራ ሲሆን ስምንት ሠራተኞች አሉት። ባለቤቱ የ71 ዓመት ሰው ናቸው። የሠሩት ነገር ዝንፍ ስለማይል ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ውሃልክ» ይላቸዋል። ባለቤቴ ሞቶ ሁለት ልጆች ይዤ ሥራ ስፈልግ፣ የትምህርት ማስረጃዬን እንኳ ሳያዩ «ነገ ጠዋት ነይ» ብለው የቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወርክሾፑን በራሳቸው እጅ ቆልፈው ወጡ። እሑድ ጠዋት አንድ ልጃቸው ቤታቸው ስትሄድ አልጋው ተነጥፎ፣ ስልካቸው ትራስ ሥር ተቀምጦ አገኘች። እሳቸው የሉም። ሰኞ ለፖሊስ አመለከተች። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የድርጅቱ ሾፌር ተያዘ። የተያዘበት ምክንያት ጋሼን መጨረሻ ያያቸው እሱ በመሆኑና ነዳጅ ለመቅዳት ሲላክ ጋሼ ይዘውት የሚዞሩትን የድርጅቱን ካርድ የሚስጥር ቁጥር የሚያውቅ በመሆኑ ነው። ፖሊስ ለባንኩ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ መልሱ ግን ቀናት እንደሚወስድ ተነገረን።

መርማሪው ስለ ሂሳብ ሶፍትዌሩ እንዳብራራ ስለጠየቁኝ እንደሚከተለው አብራርቻለሁ። ድሮ የባንክ ዝርዝሩን ወረቀት ወረቀት እያየሁ በእጄ ነበር የምጽፈው፤ አንድ ወር ለመጨረስ አንድ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሶፍትዌሩ ከባንኩ ጋር ተያይዟል። «ከባንክ አስገባ» የሚለውን ስጫን በድርጅቱ ካርድ የተከፈለው ሁሉ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነሱቁ ስም በራሱ ይገባል። አንድ ዓይነት ክፍያ ሁለት ጊዜ ካየ ደግሞ መስመሩን ቢጫ ያደርግና «ይህ ክፍያ ከዚህ በፊት የገባ ይመስላል» ይላል። መሰረዝ ወይም መቀበል የእኔ ፈንታ ነው።

ቢጫው መስመር መጀመሪያ የመጣው የዛሬ ዓመት ገደማ ነው። የሶፍትዌሩ ስህተት መስሎኝ ባለሙያውን ጠራሁት። አይቶ «እትዬ፣ ማሽኑ ምንም አላጠፋም፣ ሰውየው ሁለቴ ከፍለዋል» አለኝ። በማግስቱ እንጨት የሚያቀርብልን ነጋዴ ደወለ። «ጋሼ ትናንት ጠዋት የከፈሉኝን ከሰዓት ተመልሰው መጥተው እንደገና ከፈሉ። ከፍለዋል ብላቸው ተቆጡኝ። ምን ላድርግ?» አለኝ። ለሚቀጥለው ጭነት እንዲያስብልን ለመንኩት፤ እኔም «ቅድመ ክፍያ» ብዬ መዘገብኩት። ከዚያ በኋላ በወር አንዴ፣ አንዳንዴ ሁለቴ፣ ቢጫ መስመር ይመጣ ጀመር። ሁሉንም ቅድመ ክፍያ እያልኩ አሳለፍኩ። አንዲት ሳንቲም ለራሴ አልወሰድኩም፤ መዝገቡ ሊመረመር ይችላል።

ለምን ለልጃቸው እንዳልነገርኩ ተጠይቄ፦ ልጃቸው ከዚያ በፊት «አባዬ ከደከመ ወርክሾፑን እንሸጠዋለን» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከተሸጠ ስምንት ቤተሰብ ይበተናል፤ እኔም አንዷ ነኝ፤ ጥቅሜን አላሰብኩም ብዬ አልዋሽም። ከዚያ ይበልጥ ያሳሰቡኝ ግን ጋሼ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ስለ ትክክለኛነታቸው ሲወራላቸው የኖሩ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ይረሳሉ እኮ» ማለት ምላሴ ላይ ደርሶ ስንት ጊዜ ተመለሰ።

ሰኞና ማክሰኞ ሁላችንም ፍለጋ ላይ ስለነበርን ኮምፒውተሩን አልከፈትኩም። ለዚህም ራሴን እወቅሳለሁ። ረቡዕ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ቢሮ ገብቼ ዝርዝሩን አስገባሁ። አምስት መስመር መጣ። ቅዳሜ 11፡40 የአውቶቡስ ትኬት። እሑድ ከወንዙ ማዶ ባለው ከተማ የእንግዳ ማረፊያ። ሰኞ ጠዋት ዳቦ ቤት። ሰኞ ከሰዓት የሙጫና የምስማር መሸጫ። ማክሰኞ ጠዋት እዚያው ሱቅ፣ ያው ዋጋ፣ እስከ ሳንቲሙ። የመጨረሻው መስመር ቢጫ ነበር።

ወንበሬ ላይ እንዳለሁ እንባዬ መጣ። እሳቸው እንደሆኑ በዚያ አወቅሁ።

ወረቀቱን አትሜ እየሮጥኩ ወደ ጣቢያው መጣሁ። ልጃቸውም እዚያ ነበረች። መርማሪው አንብበው፣ ካርዱን ሾፌሩ ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል አሉ። እኔም «ካርድ የሰረቀ ሰው ሙጫ አይገዛም። ቢገዛም በማግስቱ ተመልሶ ያንኑ አይከፍልም። ይህን የሚያደርጉት ጋሼ ናቸው፤ ዓመት ሙሉ ሲያደርጉት አይቻለሁ» አልኩ። ልጃቸው ዞር ብላ አየችኝና «ዓመት ሙሉ?» አለች። «አዎ» አልኳት። ጋሼ ሙያውን የተማሩት ከወንዙ ማዶ ባለው በዚያ ከተማ መሆኑን ደጋግመው አጫውተውኝ ስለነበር ይህንንም አስረዳሁ።

በፖሊስ መኪና መርማሪው፣ ልጃቸውና እኔ ሆነን ተጓዝን። መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ወሰደ። የሙጫው ሱቅ ባለቤት በጣቱ ጠቆመን፤ ሦስት በር አለፍ ብሎ የተማሪ ዴስክ የሚሠራበት ወርክሾፕ አለ። ገብተን ስናይ ጋሼ ሽርጥ ለብሰው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የዴስክ ገጽ ይልጉ ነበር። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩና «መጣሽ? አረፍ በሉ፣ ይቺን ልጨርስ» አሏት። መርማሪውም ጭምር ባልተጠናቀቁ ዴስኮች ላይ ተቀምጠን ሠላሳ ደቂቃ ያህል ጠበቅናቸው።

የወርክሾፑ ባለቤት የጋሼ የጥንት አሠሪ ልጅ ነው። እንዲህ አለን፦ «ሰኞ ጠዋት መጥተው አባቴን ጠየቁኝ። አባቴ ከሞተ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ፊታቸውን ሳየው አሁን ይመጣል አልኳቸው። ሽርጡን አንስተው ሥራ ጀመሩ። ነገ ቤተሰባቸውን አፈላልጋለሁ እያልኩ ነው የቆየሁት።»

ስንመለስ ጋሼ ከልጃቸው ጎን ተቀምጠው ነበር። ለምን እንደሄዱ ስትጠይቃቸው «ቤት ውስጥ ዕቃው ሁሉ ይጠፋብኛል። እዚያ ግን መጋዙ የት እንደተሰቀለ አልረሳሁትም። ስሄድ ደህና ነበርኩ፤ ቀኑ ነው ያምታታኝ» አሉ። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ እስከ ቤት አልለቀቀችውም።

ሾፌሩ ረቡዕ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ተለቀቀ። ጣቢያው በር ላይ ጠብቄው፣ የእኔ ዝምታ አንድ ሌሊት እንዳሳደረው ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁት። በኋላ ላይ ልጃቸው ስለሰማችው፣ ለምርመራውም ስለሚጠቅም፣ የነገረኝ በመዝገቡ ይስፈር። «እህቴ፣ እኔስ የማላውቅ መሰለሽ? ወደ እንጨት ነጋዴው በአንድ ቀን ሁለቴ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ቅዳሜም እስከ አውቶቡስ ተራው ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሰኞ እመለሳለሁ፣ ለማንም አትናገር ብለውኛል» አለኝ። «ታዲያ ለምን ለፖሊስ አልተናገርክም?» አልኩት። «መጀመሪያ ቃሌን ሰጥቻለሁ ብዬ ነው። በኋላ ግን ፈራሁ፤ እሳቸውን ለማግኘት መናገር ነበረብኝ፣ ከተናገርኩ ደግሞ ጋሼ ዘንግተዋል ተብሎ መዝገብ ላይ ሊጻፍ ነው። ይህን ሳሰላስል ነጋ» አለኝ።

ልጃቸው ዛሬ ጠዋት ወደ ጣቢያው ከመምጣቴ በፊት ቢሮ መጥታ የዓመቱን ቢጫ መስመር ሁሉ አንድ በአንድ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አሳየኋት። ተቆጥታኛለች፤ መቆጣትም ይገባታል። ሲበቃት ግን ከባንክ የሚገባው ዝርዝር በየጠዋቱ ለእሷም እንዲደርሳት አስደረገች። ወርክሾፑ እንደማይሸጥ፣ ሐኪም ዘንድ አብራቸው እንደምትሄድ፣ የማዶው ሰው ከፈቀደም በሳምንት አንድ ቀን ሾፌሩ እዚያ እንዲያደርሳቸው እንደምትፈልግ ነገረችኝ።

በሾፌሩ ላይ ምንም ክስ እንዳይቀር እጠይቃለሁ። ሾፌሩ የፈራውን ዛሬ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጋሼ እንደሚረሱ ከተጻፈ፣ ረቡዕ የላጉትን የዴስክ ገጽ መርማሪው ራሳቸው በእጃቸው ዳብሰው «እንከን የለውም» ማለታቸውም አብሮ ይጻፍልኝ። መርማሪው ትንሽ አስበው «ይጻፍ» ብለዋል።

የተናገርኩት ተጽፎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። ያልኩት ይኸው ነው፤ የጨመርኩትም የደበቅሁትም የለም፤ ለእውነተኛነቱ ኃላፊነት እወስዳለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ ፊርማ ____________