የመረዋው ስንጣሪ

— ሄሎ... አዎ፣ ደብረ ታቦር ነው። ማን ልበል?... ካሳሁን! አንተ ነህ እንዴ? ድምፅህ ከጉድጓድ ነው የሚመጣው፤ ጮክ በል እስቲ።

ይርጋ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆመ። ጣሊያን ከገባ ወዲህ አስተርጓሚ ሆኖ እንጀራውን የሚበላው እዚህች ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ስልክ አለች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ አጉሊ መነጽር፣ መነጽሩ ላይ ደግሞ አጎንብሰው የቀሩት ፕሮፌሶር ሳልቪ። ካሳሁን አብሮ አደጉ ነው፤ እሱም ጎንደር ላይ ለጣሊያን ሹም ያስተረጉማል።

— ደህና ነን፣ ተመስገን... ነገ ጠዋት? ጄኔራሉ ራሳቸው?... እሺ። ኒሻኑም ደረሰ?... ይኸው ነዋ፣ የእኛን ድንጋይ ሰብሮ ኒሻን።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረትና ድንጋይ በመነጽር ሲመረምሩ ለኖሩት ለፕሮፌሶሩ፣ ከሮም ሊቃውንት የክብር ኒሻን ተልኮላቸዋል። ነገ ሕዝብ በተሰበሰበበት ደረታቸው ላይ ይሰካል። ይርጋ ስለ ኒሻኑ ግድ የለውም። ለበዓሉ ክብር እስረኛ ይፈታል ተብሏል፣ ከሚፈቱትም አንዱ አጎቱ ሙላቴ ነው። ሙላቴ የደብሩ ደዋይ ነበር። ፕሮፌሶሩ መረዋውን፣ ያን ሲመቱት እንደ ብረት የሚጮኸውን የድንጋይ ደወል፣ ጥጉን ሰብረው ሊመረምሩ ሲመጡ ድንጋዩን አቅፎ አልለቅም አለ። ወታደሮች ጎትተው ጎንደር ወስደው አሰሩት።

— ፕሮፌሶሩ?... ደህና ናቸው። ሥራ ላይ ናቸው... የለም፣ አልታመሙም። ማነው እንዲህ ያለው?... ደክሟቸዋል እንጂ። ካሳሁን፣ በዓሉ እንዳይቀር እባክህ። አጎቴን ታውቀዋለህ፣ እስር ቤት የሚችል ሰው አይደለም።

ይህን ሲል ዓይኑ ከፕሮፌሶሩ ማጅራት አልተነቀለም። የድንጋዩን ስንጣሪ ፍቀው ፍቀው፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳስተው መስተዋት ላይ ካጣበቁት ወዲህ ከመነጽሩ ቀና አላሉም። የቀረበላቸው ምግብ አጠገባቸው ደርቋል።

— ስማኝማ... ሹሙ አጠገብህ አለ?... ወጣ? እንግዲያው በመካከላችን ይቅር። ሰውየው ስም ይጠራሉ... ስም ነው የምልህ። የክርስትና ስም። የእኛን ሰዎች... መስተዋቱን እያዩ ነዋ! ከአማርኛ «ና» እና «ውሃ» ብቻ የሚያውቁ ሰው፣ ጥርት አድርገው «ወለተ ሃና» ይላሉ... አዎ። የእናቴ ነው።

የእናቱን የክርስትና ስም ይርጋ ራሱ የሰማው አንድ ጊዜ ነው፣ ቄሱ ፍትሐቷ ላይ ሲጠሩት። በዚያ አገር የክርስትና ስም የአደባባይ ስም አይደለም። የነፍስ አባት ያውቀዋል፤ ሰውየው ሲሞት መረዋው ይመታል፣ ስሙም ያን ቀን በጸሎት ይጠራል። ያ ድንጋይ ስንቱን ሸኝቷል።

— ንዳድ ነው ብዬ ነበር እኔም። ንዳድ የእናቴን ስም ከየት ያመጣል?... አዎ፣ ከሚጠሯቸው ውስጥ የማውቃቸው ሁሉ የሞቱ ናቸው... ፈርቻለሁ፣ ምን እዋሽሃለሁ። ዛሬ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ስም ብቻ ነው የሚሉት። እኔ አላውቀውም። ቆይ፣ ስማው።

ስልኩን ገመዱ እስከደረሰ ድረስ ወደ ፕሮፌሶሩ አስጠጋው። ትከሻቸው አልተነቃነቀም፤ ከንፈራቸው ብቻ ተላወሰ።

— ሰማህ?... ገብረ ሕይወት። ገብረ ሕይወት ነው የሚሉት። እዚህ ሰሞኑን የሞተ የለም። ደወልም አልተደወለም፣ መረዋው ከተሰበረ ወዲህ ቢመቱት እንደ እንጨት ሆኗል... ሄሎ?... ካሳሁን፣ ትሰማኛለህ?... ምነው ዝም አልክ?

በሩ ተከፈተ። የሙላቴ ሚስት ፈንታነሽ ናት። ነገ ባሏ ሲፈታ የምታለብሰውን ጋቢ አጥባ፣ አጣጥፋ ታቅፋለች።

— ይግቡ እትዬ... አዎ፣ ጎንደር ነው። ስለ አጎቴ እየጠየቅኩ ነው፣ አንድ አፍታ ይቀመጡ... ሄሎ። ቀስ ብለህ ንገረኝ፣ ሰው ገብቷል... የእስር ቤቱ ቄስ?... ዛሬ ጠዋት... ማንን ነው የሚቀብሩት?...

ጠየቀ እንጂ መልሱን መስማት አልፈለገም። ጀርባውን ለፈንታነሽ ሰጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

— በምን ስም ጸለዩለት?... ያንኑ ስም?... እሺ ካሳሁን። እና ይህን ይዘህ ነው ስለ ኒሻን ስታወራኝ የቆየኸው?... አይ፣ አልተቆጣሁህም። እኔም ብሆን ከየት እጀምረዋለሁ... እ? ምን አሉኝ እትዬ?... ነገ በስንት ሰዓት ይደርሳሉ ነው የሚሉት?

ፈንታነሽ ጋቢውን ጭኗ ላይ አድርጋ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ይርጋ ዓይኑን ወደ ስልኩ መለሰ። ያዘነው ለአጎቱ ነበር፣ አሁን ደግሞ ይህችን ሴት ማየት አቃተው።

በዚያን ጊዜ ከደብሩ በኩል መረዋው ጮኸ። አንድ ጊዜ፣ ረጅም አድርጎ፣ በደህና ቀን ሙላቴ ሲመታው ይጮኸው እንደነበረው ነው የጮኸው።

ፕሮፌሶሩ ከመነጽሩ ቀና አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። ስም መጥራቱንም ተዉት።

— ካሳሁን... ሰማኸው?... አንተም ሰማህ? ጎንደር ድረስ?... ማን ይመታዋል፣ ደዋዩ እኮ እናንተ ዘንድ ነው... ሄሎ?... ሄሎ...

መስመሩ ጠፋ። ፈንታነሽ ከተቀመጠችበት ተነስታ ነበር። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም፤ ያ ድምፅ በማን እጅ እንደሚወጣ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የሙላቴን ጋቢ ዘረጋችና፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ፣ ለቅሶ እንደሚለበሰው አድርጋ ለበሰችው።

ይርጋ ስልኩን ቦታው መለሰው።