ቆመን ያወጣነው ዘፈን

በእኛ ጊዜ ስል የጣልያን ዘመን እንዳይመስላችሁ፣ የዛሬ ጥቂት ዓመት ነው፣ ስልኩም ነበረ፣ ሪክሻውም፣ ባጃጅ የምትሉት፣ ነበረ፣ ይቺ ሰፈራችን ዴምም እንዲሁ እንደምታዩዋት ነበረች፣ ግን የእኔ ጊዜ ያ ነው፣ ምክንያቱም ዘፋኝ የሆንኩት ያኔ ነው። አትሳቁ። ሳቁ ግድ የለም፣ ግን ስሙኝ። እናንተ ትናንት ከመተማ የተሻገራችሁ ልጆች በስልካችሁ እየከፈታችሁ የምትጨፍሩበት፣ ያ «ተቀመጡ» ሲባል «አንቀመጥም» የሚለው ዘፈን፣ እዚያ ውስጥ ያለው የሽማግሌ ድምፅ የማን ይመስላችኋል? የእኔ ነው፣ የወርቁ። የእኔ ብቻ አይደለም፣ የዚያም ነው፣ እዚያ ጥላው ሥር የገመድ አልጋው፣ አንገረቡ ላይ ፊቱን በሻሹ ሸፍኖ የተኛው የሀጅ ኢድሪስ ነው፣ የአከራያችን። አዎ፣ እሱ ቅድም «ውሃ ይቆጥብብናል» ያላችሁት። ተዉት ይተኛ፣ እመጣበታለሁ።

ታዲያ ነገሩ እንዴት መሰላችሁ፣ ያቺ ጥግ ላይ ያለችው ክፍል ውስጥ ሚኪያስ የሚባል ልጅ ነበር የተከራየው፣ ቀን ቀን የሰው ቤት ቀለም ይቀባል፣ ሐሙስ ሐሙስ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ይመታል፣ ይዘፍናል። እና ይሄ ልጅ ራሔልን ወደደ። ራሔል ማለት አል-ሳሃፋ ሰፈር በርበሬና ጤፍ የሚሸጠው የታደለ ልጅ ናት፣ እዚሁ ካርቱም የተወለደች፣ አማርኛዋ የሚያስቅ፣ «ጋሽ ወርቁ፣ ከይፍ፣ ደህና ነህ?» የምትለኝ፣ አንቱ የሚባል ነገር የማታውቅ፣ ግን ጨዋ፣ የዋህ ልጅ። እሷም ወዳዋለች። አባትዬው ነው ችግሩ። ታደለ በርበሬ እየመዘነ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «ዘፈን ሥራ ነው? ዘፈን ሥራ አይደለም። ልጄን ለዘፋኝ አልሰጥም» ይላል፣ ያልጠየቀውን ሰው ሁሉ እምቢ ይላል። በዚያ ላይ ደግሞ ለጰራቅሊጦስ ከገዳሪፍ የአንድ ሰሊጥ ነጋዴ ሽማግሌዎች ይመጣሉ ተብሎ ተወራ። ሚኪያስ አበደ። እህል አልበላ አለ። ጾምም ስለነበረ ለእናቱ ቢሆን ደስ ባላት፣ ግን እኛ አሳዘነን።

እና መጣና «ጋሼ፣ ሽማግሌ ሁኑልኝ» አለኝ። እሺ አልኩ። ጋሽ ደምሴም እሺ አለ፣ ደምሴ ማለት ጎረቤቴ ነው፣ ልብስ ሰፊ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ጾም የሚያጠብቅ ሰው። ሦስተኛ ሰው ጠፋ። መምሬን እንዳንይዝ ዓቢይ ጾም ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን አይወጡም፣ ሌላው ሁሉ ደግሞ የታደለ ደንበኛ ነው፣ ፈራ። ይሄኔ ሀጅ ኢድሪስ «ልጁ ቤቴ ነው የሚኖረው፣ ስለዚህ ልጄ ነው፣ እኔ እሄዳለሁ» አለ፣ በዓረብኛ ነው እንግዲህ፣ ሀጅ ስንት ዘመን ሀበሻ ሲያከራይ ኖሮ አንዲት የአማርኛ ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። «ሀጅ፣ ወጋችንን አታውቀውም» ብለው «ሽማግሌ ሽማግሌ ነው፣ ያላ» ብሎ ነጭ ጀላቢያውን ለብሶ ቀድሞን ሪክሻው ላይ ወጣ።

ወጉን ታውቁታላችሁ አይደል? ለልጅ የመጣ ሽማግሌ ተቀመጡ ቢባል አይቀመጥም። ጉዳዩ ተሰምቶለት እሺ እስኪባል ቆሞ ነው የሚለምነው፣ አቅሙ ያ መቆሙ ነው። ታዲያ ገባን። የካርቱም ሙቀት እንደምታውቁት ነው። ታደለ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ በር በሩን እያየ፣ ወንበር እንኳ ሳያሳየን «እንደምን ዋላችሁ፣ ተቀመጡ» አለ። እኔ «የለም፣ አንቀመጥም፣ ጉዳይ አለን» አልኩ። ደምሴም «አንቀመጥም» አለ። ከኋላዬ አንድ ነገር ሲጥ አለ። ዞር ብል ሀጅ ተቀምጧል። እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል፣ ለእንግዳ የቀረበውን ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ ጭማቂ፣ አንስቷል።

ታደለ ፈገግ አለ። ያ ሰው ፈገግ ሲል አይቼ አላውቅም ነበር። «ሽማግሌያችሁ ተቀምጧል» አለ፣ «እንግዲያው ጉዳያችሁ ቀላል ነው ማለት ነው። በሉ እናንተም ከርከዴ ጠጡና በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ።» አለቀ። ከርከዴውን ጠጣን። መንገድ ላይ ደምሴ ሀጅን ሊበላው ደረሰ። ሀጅም ተቆጣ፣ «ያ አኺ፣ እንግዳ ቁጭ በል ተብሎ ካልተቀመጠ ባለቤቱን ሰደበ ማለት ነው፣ እናንተ ሀበሾች ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ» ይላል፣ የሪክሻው ነጂ ደግሞ «እውነቱን ነው» እያለ ያግዘዋል። እኛ ወንበሩን አይቶ ነው የተቀመጠው አልን። ይቺን ያዙልኝ፣ ወንበሩን አይቶ ነው አልን።

በነጋታው እዚሁ ግቢ ሀጅን ማሠልጠን ጀመርን። ደምሴ ታደለን ሆኖ አንገረቡ ላይ ጉብ አለ፣ እኔና ሀጅ ቆምን። ደምሴ «ተቀመጡ» ይላል፣ እኔ «አንቀመጥም» እላለሁ፣ ሀጅ ወደ ወንበሩ ጎንበስ ሲል ጀላቢያውን እይዘዋለሁ። «ላ ላ፣ ሀጅ፣ አንቀመጥም በል።» «አንቀመ-ጢም» ይላል፣ ያንን ጎርናና ድምፁን ከሆዱ እየሳበ። «ኧረ ተቀመጡ» ይላል ደምሴ፣ «አንቀመ-ጢም» ይላል ሀጅ። እየደጋገምን እየደጋገምን ሄድን፣ ጎረቤት በአጥር ብቅ ብሎ አብሮ «አንቀመጥም» ይል ጀመር፣ ልብስ የምታሰጣ ሴት በጭብጨባ ትቀበለናለች። ሚኪያስ፣ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛው ልጅ፣ ተነሥቶ ስልኩን ይዞ ወጣ። «ጋሼ፣ በእናታችሁ አንዴ ድገሙት» አለ። «ምን ሊያደርግልህ?» «ድገሙት ብቻ።» ደገምነው።

እና እንደዚህ ነው የተሠራው። ስቱዲዮ የሚለው የጓደኛው ክፍል ነው፣ ግድግዳው ላይ ፍራሽ ተለጥፏል፣ ድምፅ እንዳይገባ ማራገቢያው ይጠፋል፣ እንደ ዳቦ እየበሰልን ነው የተቀረጽነው። ደምሴ በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ። «እኔ በዓቢይ ጾም ዘፈን ውስጥ አልገባም።» «ዘፈን ማን አለህ?» አልኩት፣ «ሽምግልና ነው። የምትላት አንዲት ቃል ናት፣ እሷንም ቆመህ ነው የምትላት።» አሰበ አሰበና «ቃሉን እላለሁ፣ በዜማ ግን አልልም» አለ። እና ልብ ብላችሁ ስሙት፣ ሰው ሁሉ በዜማ ሲል መሐል ላይ አንድ ደረቅ ሰው እንደ ፖሊስ «አንቀመጥም» ይላል፣ ያ ደምሴ ነው። ሰውም አብዝቶ የወደደው እሱን ነው፣ ይገርማል እኮ፣ እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ ያወጣሁትን ዜማ ማንም አላየልኝም። ምቱ ግማሹ የእኛ ችክችካ፣ ግማሹ የሱዳን ሴቶች ከበሮ ነው፣ ግጥሙም

በርህ ላይ ቆመናል ጉልበታችን ዝሎ፣
ማን ይቀመጥልሃል እሺ ሳትል ቶሎ

የሚለው ነው። ልጁ የታደለንም የራሔልንም ስም አላነሣም፣ ጨዋ ነው። ደምሴ አስምሎን ስለነበረ ፋሲካ እስኪደርስ አልተለቀቀም።

በፋሲካ ማግስት ተለቀቀ። እና ምን ልበላችሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ በዴም ያለ ሪክሻ ሁሉ እሱን ይጮኻል። የሀብታሞቹ ሰፈር ካፉሪ በየቪላው የሚሠሩት ልጆች አንዷ ለአንዷ ላኩት፣ የአሠሪዎቻቸው ልጆች ሳይቀሩ ምሳ ቀርቦ ኑ ተቀመጡ ሲባሉ «አንቀመጥም» አሉ፣ አንዷ ማዳም «ይሄን ማን ነው ያስተማራቸው» ብላ ሠራተኛዋን ልታባርር ነበር። ሱዳኖቹም ትርጉሙን ጠይቀው ሲገባቸው የበለጠ ሳቁ፣ ቁጭ አልልም የሚል እንግዳ ለእነሱ ትልቅ ቀልድ ነው። አንድ ሠርግ ላይ ዘፈኑ ተከፍቶ ሰው ሁሉ ቆሞ ቀረ፣ ምግብ አቅራቢዎቹ ሳህን እንደያዙ «ያ ጀማዓ፣ ተቀመጡ» ሲሉ አዳራሹ ሙሉ «አንቀመጥም» አለ፣ ሩዙ ቀዘቀዘ።

እኔ ራሴን ፖሊስ ያዘኝ። «ኢቃማ» አለኝ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ቤት ረስቼዋለሁ። «መኪናው ላይ ውጣ፣ ቁጭ በል» አለ በዓረብኛ። እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አፌ ለምዷል፣ «አንቀመጥም» አልኩ። ፖሊሱ ጠጋ ብሎ «ድገመው እስቲ» አለ። ደገምኩለት። ጓደኞቹን ጠራ። መንገድ መሐል ቆሜ ዘፈንኩላቸው፣ እነሱ አጨበጨቡ፣ ሂድ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ኢቃማዬን ይዤም ቢሆን ዘፈኑን አስቀድማለሁ።

ጉዱ ግን ይሄ አይደለም። ጉዱ ታደለ ነው። አንድ ቀን ራሔል እየሳቀች መጣች፣ «ጋሽ ወርቁ፣ ባባ እኮ ይዘፍናል» አለችኝ። ሚዛኑ ላይ ጎንበስ ብሎ «ማን ይቀመጥልሃል» እያለ ያንጎራጉራል፣ ከገዛ ሳሎኑ የወጣ መሆኑን አላወቀም። ሚኪያስን «አሁን ነው» አልኩት። ጰራቅሊጦስም እየደረሰ ነበር።

ሄድን። ሦስታችንም፣ ሀጅም ጭምር፣ ደምሴ አይሆንም ቢልም «ድምፁ ዘፈኑ ውስጥ ያለ ሰው አይቀርም» አልኩት። ታደለ ሲያየን ወዲያው ገባው፣ ሄደና የሳሎኑን አየር ማቀዝቀዣ አጠፋው። ተንኮሉን አያችሁ? ቅዝቅዝ ያለ ከርከዴ አስቀርቦ፣ እሱ ተቀምጦ፣ እግሩን አነባብሮ «ተቀመጡ» አለ። «አንቀመጥም» አልን እኔና ደምሴ። ሀጅም ከኋላ በዚያ ጎርናና ድምፁ «አንቀመ-ጢም» አለ። ታደለ ሀጅን አየው። ደንግጦ አየው። «ኧረ ተቀመጡ» አለ ሳያስበው፣ ያው ዘፈኑ ላይ እንዳለው ማለት ነው፣ በዜማ ወጣበት፣ ከማድ ቤት ሚስቱ ዘነቡና ራሔል «አንቀመጥም» ብለው ተቀበሉት፣ በመስኮቱ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች። ታደለ አንድ ቃል በተናገረ ቁጥር ዘፈን ይሆንበታል፣ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፣ ይከፍታል ይዘጋል።

«እናንተ ናችሁ?» አለኝ በመጨረሻ። «ይሄን ዘፈን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ?» «እኛም አይደለንም» አልኩት፣ «ቤቱ ያንተ ነው፣ ቃሉም ያንተ ነው፣ እኛ ቆምን እንጂ ምን አደረግን?» ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ከዚያ ታደለ እንዲህ ሳቀ፣ ክክክክ፣ መሳቅ እንደማያውቅ ሰው፣ እንባውን ጠርጎ «እሺ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ» አለ። እልል ልትል ዘነቡ አፏን ስትከፍት እጁን አነሣ። «ግን ዘፈኑን ይተው። ቀለሙን ይቀባ፣ ዘፈኑን ይተው። በሉ አሁን ተቀመጡ።»

እኔና ደምሴ ተያየን። ልጅቷ ተገኝታለች፣ ምን ቀረ፣ ወደ ወንበሩ ጎንበስ አልን። ራሔል በር ላይ ቆማ ፊቷ ሲጠቁር አየሁ፣ ግን ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ታጥፏል። ይሄኔ ሀጅ «አንቀመ-ጢም» አለ። ወይ ጉድ። «ሀጅ፣ ኸላስ፣ አልቋል፣ ተቀመጥ» አልኩት በዓረብኛ። «አንቀመ-ጢም።» ደምሴ ጀላቢያውን ይዞ ቁልቁል ይጎትተዋል፣ ሀጅ እንደ ምሰሶ ቆሟል፣ ዓይኑን ከታደለ ላይ አያነሣም። ታደለ «ምንድን ነው የሚለው? ምን ቀረው?» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? ይሄ ሽማግሌ የሚያውቃት ያቺን ቃል ብቻ ናት ልበለው? አፈርኩ፣ ዝም አልኩ። ዝም ስል ታደለ ሌላ መሰለው። ሀጅን ሲያይ፣ ራሔልን ሲያይ፣ ሀጅን ሲያይ ቆይቶ «እሺ» አለ፣ «ይዝፈን። በቃ ይዝፈን፣ ኸላስ።» ያን ጊዜ ሀጅ ማንም ሳይነግረው ጀላቢያውን ሰብሰብ አድርጎ ተቀመጠ፣ ከርከዴውንም አነሣ።

አሁን ገባችሁ? ለእኔ ያኔ አልገባኝም። ሠርጉ ዕለት ነው ጎኑ ተቀምጬ «ሀጅ፣ ያን ቀን ለምን አልቀመጥም አልክ?» ያልኩት። እሱም ሥጋውን እያላመጠ፣ በአማርኛ፣ ስሙኝ፣ በጥሩ አማርኛ «ዘፈን ይተው ሲልማ እንዴት እቀመጣለሁ?» አለኝ። የያዝኩትን ሥጋ ሳህኑ ላይ መለስኩ። «አማርኛ ታውቃለህ?» «ከእናንተ ጋር ስኖር ጆሮ የለኝም?» «ታዲያ መጀመሪያ ለምን ተቀመጥክ?» «ተቀመጡ አለን እኮ» አለ፣ «ቋንቋውን ነው እንጂ የማውቀው ወጉን ማን ነገረኝ?»

እና እኔ ያን ቀን በደስታው ሠርግ ላይ ቁጭ ብዬ ምን ሳስብ ዋልኩ መሰላችሁ? ይሄ ሰውዬ ስንት ዓመት እዚሁ ግቢ እየተኛ፣ እኛ ስለ ውሃው፣ ስለ ስስቱ፣ ስለ ሻሹ ቆሻሻነት በአማርኛ ያማነውን ሁሉ አንድ በአንድ ስናስብ ዋልን፣ እኔና ደምሴ። ደምሴ ማሽቃበጥ ጀመረ፣ አዲስ ጀላቢያ ሰፋለት። እኔም ከዚያ ወዲህ በዚህ ግቢ ክፉ ነገር የማወራው በልቤ ብቻ ነው።

(እዚህ ላይ አንዳችን «ጋሽ ወርቁ፣ ታዲያ ቅድም ስለ ውሃው ስናወራ ሰምቷል ማለት ነው?» አልናቸው። ጋሽ ወርቁ ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑ። እኛ አንድ በአንድ ጫማችንን እየፈለግን ለመሄድ ተነሣን። ከጥላው ሥር፣ ሻሹ ከፊቱ ሳይነሣ፣ ያ ጎርናና ድምፅ «ተቀመጡ» አለ። ተቀመጥን።)