ለቅዳሜ የተያዘው ድንኳን

— ሄሎ? … ስለሺ? … ሄሎ፣ ስለሺ ነህ?

— አንተ ነህ እንዴ። እኔ ደግሞ ወንድሜ ደወለ ብዬ እግሬ እስኪጠላለፍ መጣሁ። እሑድ እሑድ ሳይደውልልኝ የማይውለው ሰው ይኸው ዛሬ ረቡዕ ድምፁ የለም። … ደህና ነኝ። ደህና ነኝ አልኩህ እኮ፣ አዲስአለም፤ በቀን ስንቴ ነው ደህና የምሆነው? ጠዋት ደወልክ፣ አሁን ደግሞ ደወልክ። ሥራ የለህም?

— የት? … ወንዝ ዳር። ግራንድ ሪቨር። እሺ፣ እዚያ ምን አለ? … ሸለቆ አለ፣ ውሃ አለ። ውሃማ እዚህም ቧንቧው ውስጥ አለ።

— የርት ማለት ምንድነው? … ክብ ድንኳን። አልጋ ያለው ክብ ድንኳን። አንተ ልጅ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ውስጥ ይህችን ቤት ያገኘሁት በስንት ልመና ነው። ሊፍቱ በየሳምንቱ ቢበላሽም ግድግዳ አላት። ምን ሆኜ ነው ድንኳን ውስጥ የማድረው? ድንኳን እኔ የማውቀው ለሰርግና ለለቅሶ ሲተከል ነው። የሚያገባ አለ? … እና?

— ዙሀራ፣ አትነሺ፣ ተቀመጪ። ልጄ ነው፤ ድንኳን ውስጥ ካላሳደርኩሽ እያለኝ ነው። … አንተን አይደለም። ጎረቤቴ ዙሀራ ናት። ከጠዋት ጀምራ አጠገቤ ተተክላለች፤ የራሷ ቤት ወንበር ዛሬ እሾህ አብቅሏል መሰለኝ።

— አርቪ? አርቪ ደግሞ ምንድነው? … መኪና። አልጋ ያለው፣ ምድጃ ያለው፣ ሽንት ቤት ያለው መኪና። ወጡ ከሚሠራበት ክንድ በማይሞላ ርቀት ሽንት ቤት። ይህን ያሰበው ሰው እናት የለችውም? … ንጹሕ ነው። ይሁንልህ፣ አንተ ግባበት።

— ማን ማን ነው የሚሄደው? … ሚስትህ ሆሣዕናማ ትሂድ። … ጥሩነህ? የጭነት መኪና የሚነዳው ጥሩነህ? ያ ሰውዬ የገዛ ልጁ ክርስትና ቀን ጭነት አለኝ ብሎ የቀረ ነው። ዛሬ ወንዝ ለማየት ሥራ ፈታ? … ደክሞት። እሺ። ሌላስ? … የማኅበሩ ሴቶች። ሁሉም? … ማን አልክ? የንስሐ አባቴ? እሳቸው እዚያ ምን ሊያደርጉ ነው፣ ዓሣ ሊያጠምዱ? … ለመዝናናት። ቄስ ለመዝናናት። አንተ፣ ሞኝህን ፈልግ።

— ስለሺስ? … ስለሺስ ብዬ ጠየቅኩህ እኮ። እሱ ወንዝ ካየ ልብሱን የሚያወልቅ ሰው ነው፤ ይህን ቢሰማ ከዊኒፔግ ሁላችሁንም ቀድሞ በደረሰ። … ስልኩ ተበላሽቷል። እሑድም ተበላሽቶ፣ ዛሬም ተበላሽቶ። ዊኒፔግ ሙሉ ስልክ የሚሸጥ ጠፋ?

— አልሄድም። … ብትለምነኝም አልሄድም። ስለሺ ይሙት አልሄድም።

— … ምነው? … ምነው ትንፋሽህ ተቆረጠ? … ጉንፋን። በዚህ በሐምሌ ሙቀት ጉንፋን።

— ኪኒኔን? አዎ፣ እውጣለሁ። … ሆሣዕና ለምን አጠገቤ ትተኛለች? የደም ግፊት መለኪያውንስ ወንዝ ዳር ምን ወሰደው? ሚስትህ ነርስ መሆኗን አውቃለሁ፤ እዚያም ፈረቃ አላት እንዴ?

— ለምን እዚያ ድረስ? ፓርክ እንደሆነ ከደጄ ሞልቷል። … ምን አልክ? እስቲ ድገመው። … ጎረቤት የለም። ቢጮህ የሚሰማ የለም። እና ማን ነው የሚጮኸው? … ልጆቹ። የናንተ ልጆች ስልካቸውን ካልነጠቋቸው መቼ ጮኸው ያውቃሉ?

— ቆይ። ቆይ አንድ ጊዜ። … ዝም በል አልኩህ።

— እህቴ የሞተች ጊዜ በማለዳ እዚሁ ቤት ተሰብስባችሁ መጥታችሁ አረዳችሁኝ። እኔ ደረቴን ስደቃ የሕንፃው ሰው ፖሊስ ጠራ። ፖሊሶቹም ማን ነው የመታት እያሉ ያን ምስኪን ጥሩነህን ግድግዳ አስደግፈው ሲመረምሩት አረፈዱ። ታስታውሳለህ? … ታስታውሳለህ። ያን ዕለት በረንዳ ላይ ቆመህ ለሚስትህ ምን ነበር ያልካት? … እኔ ልንገርህ። ሁለተኛ በዚህ ሕንፃ መርዶ አይነገርም፣ ነው ያልካት። … ብለሃል። የታመመው ልቤ እንጂ ጆሮዬ አይደለም።

— አዲስአለም፣ ማልልኝ። ሽርሽር ነው፣ ሌላ ነገር የለውም ብለህ ማል። … እግዜርን ተወው፣ እሱ ይቅር ባይ ነው። … ማርያምንም አላልኩህም። ጋሼ ስለሺ ይሙት በል።

— በል እንጂ። ልጅ ሆነህ ስኳር ሰርቀህ ስትክድ አፍህ ላይ የሚቀድመው እሱ ነበር። ስኳሩ ጢምህ በሚበቅልበት ላይ ተለጥፎ፣ ጋሼ ስለሺ ይሙት አልበላሁም ትለኝ ነበር። … በል።

— በል እኮ ነው የምልህ። …

— እሺ። ተወው፣ አትበል። አሁን ብትልም እሱን ምንም አያገኘውም።

— ዙሀራ። … ቀና በይ። አንቺም ታውቂ ኖሯል። … ውሃውን መልሺው፣ ውሃ ስጡኝ አላልኩም።

— አለሁ። አልወደቅሁም፤ ተቀምጫለሁ። መቼ ነው? … እሑድ ሌሊት። እሑድ ሌሊት ወንድሜ ሞቶ፣ እኔ ሰኞ ፀጉሬን ተሠራሁ። ትናንት አንተ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ በጎረቤት ሐሜት ስስቅ አየኸኝ። አብረኸኝም ሳቅህ። ያ ሳቅ ከየት መጣልህ?

— ለልቤ። ለልቤ ብላችሁ። ልቤ የማን ነው? እኔ ተሸክሜው እዞራለሁ፣ እናንተ ትመካከሩበታላችሁ።

— ቀብሩ መቼ ነው? … አልሰማሁም፣ አፍህን ከፍተህ ተናገር። … ቅዳሜ። ድንኳኑን ለመቼ ነው የያዝከው? … ቅዳሜ።

— እንግዲህ ስለሺ አፈር ሲገባ እኔ ወንዝ ዳር ተቀምጬ ሥጋ ልትጠብሱልኝ ነበር። እሑድ ማለዳ ደግሞ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ቄሱን አስቀድማችሁ ልታረዱኝ። ከእናታችን ልጆች የቀረነው እኔና እሱ ነበርን። እህት እያለችው እህት የሌለው አድርጋችሁ ልትቀብሩት። ይህን ጠላት አያደርገውም፤ የወለድኩት ነው ያደረገው።

— አዎ፣ ሐኪሙ አውሮፕላን ከልክሏል። እኔም ፊቱ ነበርኩ። አውሮፕላን አትውጪ አለ እንጂ ወንድምሽን አትቅበሪ አላለም።

— አታልቅስ። እኔ ሳላለቅስ አንተ ማን ነህ የምትቀድመኝ?

— ስማ። ያ አልጋ ያለው መኪና ዊኒፔግ ይደርሳል? … ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ መድረሱን ነው የጠየቅኩህ። … ጥሩነህ ያን መንገድ ከነጉድጓዱ ያውቀው የለ? ሥራ ካስፈታችሁት አይቀር ይንዳ። … ዛሬ። ለቅዳሜ ያላችሁትን ዛሬ አምጡ በላቸው። የለም ካሉህ ሌላ ፈልግ፤ ቡክ ማድረጉን ታውቅበታለህ። … ቄሱም ይምጡ፣ ሴቶቹም ይምጡ። ድንኳኑን ለፈለገ ሰው ስጠው።

— ሆሣዕናም መለኪያዋን ይዛ አጠገቤ ትቀመጥ፣ አልከለክላትም። ግን መንገድ ላይ አንድ ነገር ብሆን ወደ ኋላ እንዳትመልሱኝ። ወደ እሱ ነው የምትነዱት። ሰማህ? … ሰማሁ በል። … እንደሱ።

— አይ፣ መጥተህ እቅፍ እንዳታደርገኝ። መኪናውን አምጣ። … ዛሬ ይቅርታ የለኝም፤ ሌላ ቀን ጠይቀኝ። በል፣ ሂድ።

— ዙሀራ፣ ጥቁር ቀሚሴ ከቁም ሳጥኑ ከታች ነው፣ አውጪልኝ። … ለምን አሁን አለቅሳለሁ? የማለቅሰው እሱ ፊት ነው፤ እስከዚያ ማንም አያየኝም። … አንቺም ዞር በይ። … አይ፣ ቆይ። መጀመሪያ ይህን ስልክ ዝጊልኝ፤ ጣቴ እምቢ አለኝ።