ዝም ያሰኘው ኮምፒውተር
አይ፣ «ቢያንስ ጩኸቱ ቆሟል» አትበለኝ፤ ያናደደኝ እሱው ነው። እህቴ ቤሩት ለፍታ ባመጣችው ገንዘብ ነው ኮፒ ቤቱን የከፈተችው። ትናንት ኮምፒውተሩ ሲበራ ጢጥ ጢጥ እያለ ስክሪኑ ጨለመ። አንተ የላክኸው ጠጋኝ ከፍቶ ነካካና «በቃ እቴ፣ ጸጥ አድርጌልሻለሁ» አላት። እሷም የተሠራ መስሏት ምሳ አብልታ፣ መርቃ ሸኘችው።

ዛሬ ስናበራው ስክሪኑ ያው ጨለማ ነው፣ ድምፅም የለም። ብከፍተው ውስጡ ያለችውን፣ ጢጥ ጢጥ የምትለዋን ትንሽ ስፒከር ሽቦዋን ቆርጦባታል። ያ ጩኸት እኮ ሚሞሪው ይሁን ሌላ ዕቃ፣ ኮምፒውተሩ የተበላሸበትን የሚናገርበት ነበር። አሁን ሌላ ባለሙያ ቢመጣ ምን ሰምቶ ያውቃል? ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡት አባት እንኳ «ልጄ፣ ይቅር» ብለው ማዶ ወዳለው ኮፒ ቤት ሄዱ። ይሄን የድምፅ መልእክቴን ለጠጋኙ ላክለትና ይመልስልኝ፦ አንተ ጠጋኙ፣ እህቴ የጠራችህ ኮምፒውተሩን እንድትሠራው ነው፣ ወይስ አፉን እንድትዘጋው?