ከአውቶቡሱ ኋላ የምትሄደው ፊያት

ሰው ሲከራከር ድምፁ በጣም ከፍ ካለ የሚደብቀው ነገር አለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ያተረፍኩት እውቀት ይህና የወንዞች ስም ነው። የወንዞቹን ስም እየረሳሁ ነው፤ ይህኛውን ግን ባለፈው ሚያዝያ በአንድ አጋዘን ምክንያት እንደገና ተማርኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ከመንደራችን ከሊፖቭካ ወደ ክራኮቭ በሚሄደው ሰማያዊ አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ከዳግማራ ጋር ተቀምጫለሁ። ዳግማራ የትራንስፖርት ምህንድስና ተምራ፣ ከተማዋንና ሰባቱን የዳር መንደሮች በአንድ የአውቶቡስ ፈንድ ለማስተሳሰር በተቋቋመው ቢሮ የምትሠራ ልጅ ናት። ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበራትም። ስድስቱ መንደሮች ለአምስት ዓመት ድርሻቸውን ሊከፍሉ ተስማምተዋል፤ የቀረው የእኛ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በእሳት አደጋ አዳራሹ ተሰብስበን እጃችንን እናወጣለን። እምቢ ካልን መስመሩ ከሰኔ በኋላ አይኖርም።

እምቢ እንድንል ቤት ለቤት እየዞሩ የሚቀሰቅሱት ደግሞ አቶ ሴቨሪን ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ዘጠኝ ነው። የመንደሩ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች አለቃ ሆነው አርባ ዓመት ስላገለገሉ ቃላቸው ይሰማል። «መኪና የሌለው የለም፤ አውቶቡስ ያማረው ይክፈልለት» ይላሉ። ታዲያ እሳቸውም በየማክሰኞውና በየዓርቡ ትንሿን ቀይ ፊያት እየነዱ ወደ ክራኮቭ ይወርዳሉ፤ የሚወርዱትም ልክ ከአውቶቡሳችን ኋላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላ መስኮት አይቻቸዋለሁ፤ አንድም ቀን ቀድመውን አያውቁም። ቆጣቢ ሰው ስለሆኑ ለቤንዚን ብለው ይመስለኝ ነበር።

ጫካው ጋ ስንደርስ አጋዘን ዘሎ መንገዱ ውስጥ ገባ። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን፤ አጋዘኑ የፊት መብራቱን ሰብሮ ወደ ዛፎቹ ጠፋ። ከኋላ የጎማ ሲጢጥታ ሰምቼ ዞር ስል ፊያቷ ከአውቶቡሱ በአንድ ስንዝር ርቀት ቆማለች። 

ሹፌሩ ፖሊስ ጠርቶ ተለዋጭ አውቶቡስ እስኪመጣ ከመንገዱ ዳር አስጠጋና አወረደን። ፊያቷም ተከትላ ዳር ያዘች። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው፤ አቶ ሴቨሪን ግን መሪያቸውን እንደጨበጡ ቀሩ። ዳግማራ በእጇ እለፉ እለፉ ብትላቸው ንቅንቅ አላሉም። ወደ መስኮቱ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ጋሼ ሴቨሪን፣ ይለፉ እንጂ! መንገዱ ባዶ ነው።»

«ማነሽ? እህ፣ አንቺ ነሽ እንዴ! አልቸኩልም። ሰው ችግር ላይ ወድቆ ጥዬ ልሂድ? የእሳት አደጋ ሰው እኮ ነኝ!»

«እግዜር ይስጥልኝ። ለአውቶቡሳችን እንዲህ ማዘንዎን እሁድም ባየሁ።»

«ያዘንኩት ለሰው ነው፤ ለቆርቆሮ አይደለም። የተሳፈረ ይክፈል፣ አለቀ! የጎረቤቴን ዳቦ እኔ ልግዛ?»

ዳግማራ በትምህርቷ ብዛት የምትንተባተብ ልጅ አይደለችም። ክርኗን በመኪናው ጣሪያ ላይ አስደግፋ፣ «የያሮሽ ጎተራ ሲቃጠል ውሃ ከመርጨትዎ በፊት ክፈል አሉት?» አለቻቸው።

«ምን ማለትሽ ነው? እሳት ነዋ!»

«የውሃ ፓምፑን ማን ገዛው?»

«መንደሩ። በየዓመቱ እናዋጣለን።»

«ቤቱ ተቃጥሎበት የማያውቅ ሰውስ?»

«እሱም ያዋጣል... ወዴት እየወሰድሽኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እኔ የትናንት ልጅ አይደለሁም። እሳት እኮ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው የሚመጣው! ይኼ ግን ባዶውን በቀን አራቴ ይመላለሳል።»

«ለምን ባዶ ሆነ? ገንዘቡ በየዓመቱ በልመና ስለሚገኝ ነው። ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ‹ጥር ላይ ይኖራል ወይስ አይኖርም?› እያልን ነው የምናድረው። በዚህ ላይ ተማምኖ ሥራ የሚይዝ ማን አለ? ሰው ተበድሮ ሁለተኛ መኪና ይገዛል፣ ሹፌሩም የተሻለ እንጀራ ፍለጋ ይሄዳል፣ ምልልሱ ይቀነሳል። ከዚያ ‹አላልንም? ባዶ ነው!› ይባላል። የፓምፑን መዋጮ አንድ ዓመት ሰጥታችሁ አንድ ዓመት ብትተዉት ኖሮ ያሮሽ ዛሬ ጎተራ ይኖረው ነበር?»

ሽማግሌው አገጫቸውን አሹ። የተሸነፉ መስሎኝ ፈገግ ልል ስል ግን ቀና አሉ።

«ደህና ተናገርሽ፤ አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። የት ነው የምትኖሪው?»

«ሊፖቭካ፤ ያውቁ የለ?»

«ግብርሽንስ የት ነው የምትከፍዪው?»

ዳግማራ ዓይኗን ወደ ሣሩ መለሰች፤ እሳቸው ራሳቸው መለሱላት።

«ክራኮቭ፣ በአክስትሽ አድራሻ! ለከተማ ሰው የወር ትኬት ስለሚረክስ። አባትሽም እናትሽም እንደዚያው፣ መንደራችን መጥቶ አዲስ ቤት የሠራው ሁሉ እንደዚያው። መኝታችሁ እኛ ጋ፣ ቆሻሻችሁ እኛ ጋ፣ ግብራችሁ እዚያ! ከዚያ ‹ሊፖቭካ ድርሻዋን ታምጣ› ትሉናላችሁ። ከየት ታምጣ? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ!»

አባባሉ ልክ ነበር፤ ልጅቷ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። በዚህ ጉዳይ እኔም ብሆን ንጹሕ አልነበርኩም፤ አድራሻዬ ክራኮቭ ባለው የወንድሜ ቤት ነበር። መምህርት የተባልኩ ሰው በዚያች ደቂቃ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እውነትዎን ነው» አለች ዳግማራ በመጨረሻ። «አፍሬያለሁ። ከእሁድ በፊት አድራሻዬን ወደ መንደሩ እመልሳለሁ፣ ቤተሰቦቼንም አስመልሳለሁ። ግን ይስሙኝ ጋሼ፤ ስምምነቱ ከጸደቀ ትኬቱ ለከተማውም ለመንደሩም አንድ ዋጋ ይሆናል። ያን ጊዜ ማን ይዋሻል? ግብሩ ወደ ሊፖቭካ ይመለሳል፣ ከእሱ ድርሻችን ይከፈላል።»

«ማር ምላስ! አንድ ጊዜ በማባበል፣ አንድ ጊዜ በማስፈራራት። ያንን ከአውቶቡሱ ጀርባ የለጠፋችሁትን የማላየው መሰለሽ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳነበው ከረምኩ!»

«የቱን?»

«‹ካልከፈላችሁ መስመሩ ይዘጋል› የሚለውን ነዋ! በትልቁ ጽፋችሁ!»

ዳግማራ ዞራ አየች፤ እኔም አየሁ። ከአውቶቡሱ ጀርባ ላይ የተለጠፈው የፍራሽ ማስታወቂያ ነው። አንዲት ወፍራም ሴት አፏን ከፍታ ተኝታለች፤ ከበላይዋም በክንድ በክንድ ፊደል «ወገብዎ ይረፍ!» ተጽፏል። ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ሳቁ ፊቷ ላይ ደረቀ፤ ገብቷት ነበር። እኔም ገባኝ።

«አቶ ሴቨሪን፣» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ይህን ፊደል ከዚህ ሆነው ማንበብ አይችሉም?»

«ፀሐዩ አንጸባርቆብኝ ነው።»

«ፀሐዩ ከኋላችን ነው።»

እጃቸውን ከመሪው አነሡ።  አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ በፎጣ የተጠቀለለ የሾርባ ድስት አለ፤ እንዳይወድቅ በቀበቶ ታስሯል።

«ሰማያዊውን ነገር አየዋለሁ» አሉ። «ትልቅ ስለሆነ አየዋለሁ። ሲቆም እቆማለሁ፣ ሲታጠፍ እታጠፋለሁ። የመጨረሻው ፌርማታ ባለቤቴ አዴላ ያለችበት መጦሪያ በር ላይ ነው። የእኔን የእንጉዳይ ሾርባ ካልሆነ አትበላም። አርባ ደቂቃ አብሬያት እቆያለሁ፤ ከዚያ አውቶቡሱ ስለሚመለስ ተከትዬው እመለሳለሁ። እሱ ካመለጠኝ ቤቴን አላገኘውም።»

ዳግማራ መንገዱ ዳር ሣሩ ላይ ቁጢጥ አለች። «ጋሼ፣ ታዲያ ለምን? ካለ እሱ የማይሄዱበትን አውቶቡስ ለምን ያስዘጉታል?»

«ይዘጋል ብዬ መቼ አሰብኩ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ ‹ሊቆም ነው› ሲባል ነው የኖርነው። ከተማው ሀብታም ነው፣ ይከፍላል ብዬ። ደግሞ ለአውቶቡስ እጄን ባወጣ ‹ሴቨሪን መኪና እያለው በአውቶቡስ ምን ቸገረው?› ይላሉ። ያኔ ሁሉም ያውቃል። መንጃ ፈቃዴን ይወስዳሉ፤ አዴላን በምን አያታለሁ?»

«በዚሁ ነዋ! በእሱው! ከሰባ ዓመት በላይ እኮ በነጻ ነው!»

«እኔ ለማኝ አይደለሁም።»

ልጅቷ በዚህ ተቆጣች፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። «አርባ ዓመት ለፓምፕ ያዋጣ ሰው ለማኝ ነው? እሳት የያዘው ቤት ለማኝ ነው? ዛሬ አጋዘን ነው የገባው ጋሼ ሴቨሪን። ነገ ልጅ ቢሆንስ? አውቶቡሱን ባያዩትስ?»

አቶ ሴቨሪን ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ስንዝር ነው የቀረኝ፣ አይደል?» አሉ። «እኔ ሁለት ክንድ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ቁልፉን ነቅለው እጄ ላይ አኖሩት። ፊያቷን ጫካው ዳር ተውናት።

ተለዋጩ አውቶቡስ ሲመጣ ዳግማራ ድስቱን ያዘችላቸው። በመስኮት በኩል ተቀመጡ። መጀመሪያ እግራቸው ፍሬን ይፈልግ ነበር፤ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ወለሉን ይረግጣሉ። ድልድዩን ስንሻገር ግን ትከሻቸው ረገበ፣ እጃቸውም ጉልበታቸው ላይ ጸጥ አለ። «ወይ ጉድ!» አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ትንፋሼን ይዤ ነው ለካ የምነዳው!»

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ። አቶ ሴቨሪን ሳይጠሩ ተነሡና፣ «ይህን አውቶቡስ ዝጉት እያልኩ በየቤታችሁ ስዞር ከረምኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደግሞ ያለ ትኬት የሄድኩበት እኔው ነኝ፤ ከኋላው ሆኜ» አሉ። ነገሩን አንድ በአንድ ተናገሩ። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ፤ ስለ አዴላ ሲናገሩ ግን ሳቁ ቆመ። ዳግማራም ተነሥታ አድራሻዋን መመለሷን ተናገረችና፣ «እንደ እኔ ያላችሁ ታውቃላችሁ» ብላ ተቀመጠች። ከአዳዲሶቹ ቤቶች የመጡት ጫማቸውን ማየት ጀመሩ፤ እኔም ተነሥቼ የእኔን ጥፋት ተናዘዝኩ። ድምፅ ሲሰጥ አቶ ሴቨሪን ሁለቱንም እጃቸውን አወጡ። የመንደሩ ሹም፣ «አንድ ሰው አንድ እጅ ነው፣ ይቅርታ!» አሉ። ሁለተኛው እጅ ባይቆጠርም ስምምነቱ አለፈ፤ ሰባ አንድ ለአሥራ ዘጠኝ።

አንባቢ ሆይ፣ የሁሉ የሆነ ነገር የማንም እንዳልሆነ ተቆጥሮ የሚወድቀው እንዲህ በቀላሉ ነው። አንዱ «ሌላው ይከፍላል» ይላል፣ ሌላው ግብሩን ጎረቤት ከተማ ይደብቃል፣ ሁሉም ግን ከኋላው ይከተላል። ድርሻችን ለአምስት ዓመት ከታሰረ ወዲህ አውቶቡሱ በየሰዓቱ ይመጣል፣ ታኅሣሥም ሲመጣ ማንም አይጨነቅም። ሹፌሮቻችን አልለቀቁም። ትኬቱ በከተማም በመንደርም አንድ ዋጋ ስለሆነ ብዙ ሰው አድራሻውን መልሷል፤ የመንደሩ ገቢ ስለጨመረ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ተጠገነ። ሁለት ጎረቤቶቼ ሁለተኛ መኪናቸውን ሸጠዋል። እኔም እንደ ልጅነቴ ቀለል ብሎኝ አድራለሁ።

ባለፈው ዓርብ ከአቶ ሴቨሪን ጋር ወደ መጦሪያው ሄጄ ነበር። አዴላ ሾርባዋን ጨርሳ እጃቸውን ይዛ ተቀምጣለች። አርባው ደቂቃ አለፈ። በመስኮቱ በኩል አውቶቡሱ ሲመጣ ሰማን፤ እሷም እንደ ልማዷ እጃቸውን ለቀቀችና፣ «ተነሥ በል፣ ይሄድብሃል» አለቻቸው።

አቶ ሴቨሪን እጇን መልሰው ያዙት።

«ይሂድ» አሉ። «ሌላ ይመጣል።»