አንድ ቋጠሮ፣ ሁለት ቋጠሮ

(በአንድ የዞን ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ቅሬታ መቀበያ ክፍል፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 14 ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ፤ ጡረተኛዋ ዓይነ ስውር ቴሌፎኒስት ወይዘሮ ትርንጎ ከቅሬታ ሰሚው ከአቶ ሻረው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት አንድ ዓይነት የክኒን ብልቃጦች አሉ።)

ትርንጎ፦ እንደገና ልበል። እስከ ሚያዝያ ሁለት ድረስ በአንዱ ብልቃጥ አንገት ላይ አንድ ቋጠሮ ያለው ክር ነበረ፣ በሌላው ላይ ሁለት ቋጠሮ። አንድ ቋጠሮ ማለት ጠዋት ግማሽ ክኒን ነው። ሁለት ቋጠሮ በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ክኒን። ስድስት ዓመት እንዲህ ስንሠራ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። የባለቤቴ የልብ ምት ጠዋት ጠዋት ስቆጥረው በደቂቃ ሰባ ሁለት፣ ሰባ አራት ነበር። ይሄን ጻፉት?

ሻረው፦ ጽፌዋለሁ፣ ወይዘሮ ትርንጎ። አሳጥሬ።

ትርንጎ፦ ያነበቡልኝ አራት ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ የተናገርኩት አስራ ሦስት ነበር።

ሻረው፦ ቆጠሩት?

ትርንጎ፦ ሃያ ሁለት ዓመት ሰውን ከሰው በስልክ ሳገናኝ የኖርኩ ነኝ። ሳልቆጥር የሰማሁት ነገር የለም።

ሻረው፦ ቅጹ ላይ ያለው ቦታ አራት መስመር ነው፣ ምን ላድርግ? ይልቅ አውራ ጣትዎን ይስጡኝ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ።

ትርንጎ፦ ፊርማ አለኝ እኮ።

ሻረው፦ ለዓይነ ስውር አሠራሩ አሻራ ነው።

ትርንጎ፦ መታወቂያዬ ላይ በእጄ ፈርሜያለሁ፣ ሥራ ስለቅም በእጄ ነው የፈረምኩት። እዚህ ስደርስ መጻፍ ጠፋኝ? ለማንኛውም የመጨረሻዋን መስመር ይድገሙልኝ።

ሻረው፦ «መድኃኒቱን በራሴ ግምት የሰጠሁ መሆኔን አምኜ፣ ቅሬታዬ የተፈታልኝ መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

ትርንጎ፦ ገምቻለሁ፣ አልክድም። ከመገመቴ በፊት ያለው የት ገባ? ሚያዝያ ሦስት፣ አርብ ዕለት፣ ብልቃጦቼን ለመሙላት መስኮቱ ላይ ሰጠሁ። ሲመለሱልኝ ዳሰስኳቸው። ክር የለም። «ክሩስ?» ብል አዲሱ ፋርማሲስት «ተቆርጧል፣ መመሪያ ወጥቷል፣ አሁን በትልቅ ፊደል ተለጥፎልዎታል» አለኝ።

ሻረው፦ እሱ ለእናንተው ተብሎ የተደረገ ነው። «ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ የሆነ የመድኃኒት አሰጣጥ» በሚለው ሥር በራሳችን ግምገማ መቶ በመቶ ነው ያገኘንበት።

ትርንጎ፦ ትልቅ ፊደል ለእኔ! ምን ያክል ቢተልቅ ነው የማየው? ጎረቤቴን አስነበብኳት። ትልቁ ፊደል የሆስፒታሉ ስም ነው። አወሳሰዱ ከሥር በእስክሪብቶ ተሞነጫጭሯል፤ እሱን እሷም ማንበብ አልቻለችም።

ሻረው፦ ታዲያ ተመልሰው አይጠይቁም ነበር?

ትርንጎ፦ ሰኞ መጣሁ፣ መስኮቱ «ቅሬታ ክፍል ሂጂ» አለኝ። ማክሰኞ መጣሁ፣ እዚሁ በር ላይ «ኮሚቴው ዛሬ አይቀመጥም» ተባልኩ። ረቡዕ መጣሁ፣ «ለሚቀጥለው ማክሰኞ ተቀጥሯል» ተባልኩ። የግል ፋርማሲ ሄድኩ፣ «እኛ ያልሸጥነውን መድኃኒት ይሄ ነው አንልም» አሉኝ። ረቡዕ ማታ እቤት ለይቼ ያስቀረሁት የቆየው ክኒን አለቀ። ባለቤቴን ዘርጋውን ያለ መድኃኒት ላሳድረው? ክኒኖቹ ሲዳሰሱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሐሙስ ጠዋት ሁለቱን ብልቃጥ በሁለት እጄ ይዤ ገመትኩ።

ሻረው፦ እና ተሳሳቱ።

ትርንጎ፦ ተሳሳትኩ። ግማሹ የሚዋጠውን ሦስት ሦስት ሰጠሁት። አርብ ያቅለሸልሸው ጀመር። ቅዳሜ ምቱ ሃምሳ ስድስት። ትናንት ሠላሳ ስምንት። በጋሪ ነው ያመጣሁት።

ሻረው፦ ሐኪሞቹ ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ አይተዋቸዋል፣ ጠይቄያለሁ። ወይዘሮ ትርንጎ፣ ባለቤትዎ እኛ አልጋ ላይ ናቸው። ገና ብዙ ቀን ይተኛሉ። ነገር ሲከር የሰው ፊት ይቀዘቅዛል፣ ያውቁታል። ለእርስዎ ብዬ ነው የምናገረው።

ትርንጎ፦ ይሄን ሲናገሩ ድምፅዎን ዝቅ አደረጉ። ከኛ ሌላ ሰው አለ እንዴ?

ሻረው፦ የለም። ማንም የለም።

ትርንጎ፦ በሩም ዝግ ነው። ስገባ ዘግተውታል።

ሻረው፦ ስምንት ሰዓት ላይ ከክልል ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ያልተዘጋ ቅሬታ እንዳይኖር ነው የምፈልገው። የእርስዎ ብቻ ነው የቀረው።

ትርንጎ፦ ከዚህ በፊት ስንት ተዘጋ?

ሻረው፦ አስራ አንድ። ሁሉም።

ትርንጎ፦ በምን ተዘጋ?

ሻረው፦ አንዳንዱ በስምምነት። ሌላው ባለጉዳዩ በቀጠሮው ባለመቅረቡ።

ትርንጎ፦ ባለመቅረቡ። ለምን እንዳልቀረበ የጠየቀ አለ?

ሻረው፦ ቅጹ አይጠይቅም።

ትርንጎ፦ እሺ። አሁን ይስሙኝ። እኔ ስለ ዘርጋው አልመጣሁም። ዘርጋው እጃችሁ ላይ ነው፣ የሚሆነው ይሆናል። ክሩን ያሥርልን የነበረውን ሰው ያውቁታል?

ሻረው፦ የቀድሞው ፋርማሲስት፣ አቶ ልሳኑ። ጥር ላይ ጡረታ ወጥተዋል።

ትርንጎ፦ ትናንት ማታ ደወልኩላቸው። «ክር ያሠርኩላቸው አስራ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው» አሉኝ። አንዷ እኔ ነኝ። የአስራ ስምንቱን ስምና ስልክ ከደብተራቸው አነበቡልኝ፣ ያዝኩት።

ሻረው፦ በቃልዎ? አስራ ስምንት ስልክ ቁጥር?

ትርንጎ፦ ደርግ እያለ የመላ ከተማውን ይዤ ነበር። ያ ከባድ አይደለም። ከባዱ ሌላ ነው። ወሩ ሲገባ ሁሉም ብልቃጡን አስሞልቷል፤ የሁሉም ክር ተቆርጧል። ግማሾቹ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። የስኳር አለ፣ የደም ግፊት አለ፣ የሚጥል በሽታ አለ። የቀን መድኃኒታቸውን ስድስት ሰዓት ላይ ይውጣሉ። ሰዓቴን ስዳስሰው አሁን አምስት ከሃያ ሰባት ነው።

ሻረው፦ ስልክ ካልዎት ለምን አይደውሉላቸውም?

ትርንጎ፦ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ለአራቱ ደወልኩ። አንደኛው «ሐኪም ያዘዘልኝን አትዋጥ የምትይኝ አንቺ ማነሽ?» ብሎ ዘጋብኝ። ሁለተኛዋ ሰደበችኝ። ሦስተኛው ጠንቋይ ልካሽ ነው አለኝ። አራተኛው ስልክ አልተነሳም። የኔ ድምፅ አይበቃም። የሆስፒታሉ ድምፅ ነው የሚያስፈልገው፣ ከዚህ ከጠረጴዛዎ ስልክ።

ሻረው፦ ምን ብዬ?

ትርንጎ፦ «ክሩን እኛ ቆርጠነዋል። ዓይን ያለው ባለሙያ ሳይለይላችሁ ዛሬ ምንም አትዋጡ። እቤታችሁ ሰው እንልካለን።» በቃ።

ሻረው፦ «እኛ ቆርጠነዋል።» ይሄ በሆስፒታሉ ስም የሚነገር ነገር አይደለም። አስተዳደሩን ላስፈቅድ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው። ማመልከቻ ቢያስገቡ፣ ነገ...

ትርንጎ፦ መመሪያውን ማን ፈረመው?

ሻረው፦ አስተዳደሩ ነው።

ትርንጎ፦ አስተዳደር እጅ የለውም፣ አቶ ሻረው። ሰው ነው የሚፈርመው።

ሻረው፦ ማሸጊያ ላይ ባዕድ ነገር እንዳይኖር የሚል መስፈርት አለ። ክር ቆሻሻ ይይዛል። ነጥብ ያስቀንስ ነበር። ማንም ለክፋት አላደረገውም።

ትርንጎ፦ ለክፋት ነው አላልኩም። ማን እንደፈረመው ነው የጠየቅኩት። ይተዉት። ልደራደርዎት፤ አሻራ ይፈልጋሉ አይደል? ይኸው ጣቴ። ያንን ወረቀት እንዳለ እፈርማለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቅሬታዬም ተፈትቷል። እርስዎ አስራ ስምንት ስልክ ይደውላሉ።

ሻረው፦ አሁኑኑ ይፈርማሉ?

ትርንጎ፦ የመጀመሪያውን ሰው ሲያገኙልኝ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ ስምንት ደቂቃ ነው የቀረው። በአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ እንኳ ለሁሉም አንደርስም።

ሻረው፦ ይንገሩኝ። ስሙን አስቀድመው።

ትርንጎ፦ ባሻ ተድላ። ዜሮ ዘጠኝ አስራ ስምንት...

ሻረው፦ ቀስ ይበሉ። ... እየጠራ ነው። ሃሎ! ጤና ይስጥልኝ፣ ባሻ ተድላ ነዎት? እንግዲህ በመድኃኒት አጠቃቀም ረገድ ለደንበኞቻችን በምናደርገው አጠቃላይ ማሳሰቢያ መሠረት...

ትርንጎ፦ እንደሱ አይደለም! አይገባቸውም። ዓይናቸው የጠፋ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። የነገርኩዎትን ይበሉ።

ሻረው፦ ባሻ፣ ይስሙኝ። ከሆስፒታሉ ነኝ። ብልቃጥዎ ላይ ክር ነበር? አዎ። አሁን የለም? አዎ፣ እኛ ነን የቆረጥነው። አዎ፣ እኛ። ዛሬ ምንም እንዳይውጡ። ሰው እንልካለን። ቤትዎ የት ነው? ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ እሺ። ... ዘጉት።

ትርንጎ፦ ምን አሉ?

ሻረው፦ «ከሰኞ ጀምሮ ሽንቴ ቀይ ሆኗል፣ ከሱ ጋር ይገናኛል?» አሉኝ።

ትርንጎ፦ ይጻፉት። ቀዩን ሽንት ይጻፉት፣ ለሐኪም የሚነገር ነው። ጣቴ ይኸው።

ሻረው፦ ጣትዎ ይቆይ። ሁለተኛውን ይንገሩኝ።

ትርንጎ፦ ወይዘሮ የሺመቤት። ጠዋት የሰደበችኝ ናት፣ እርስዎንም ትሰድባለች።

ሻረው፦ ሃሎ፣ ወይዘሮ የሺመቤት? ከሆስፒታሉ ነው። ሻረው እባላለሁ፣ የቅሬታ ሰሚ። ጠዋት የደወሉልዎ ሴትዮ እውነታቸውን ነው። ... እሺ። ... እሺ እናቴ፣ ይገባኛል። ... አይዋጡት ብቻ። እሺ። ... ሰደቡኝ።

ትርንጎ፦ አልዋጠችም?

ሻረው፦ እጃቸው ላይ ነበር። መልሰውታል።

ትርንጎ፦ ሦስተኛው፣ አቶ ጉግሣ።

ሻረው፦ ... ጠርቶ ጠርቶ ቆመ።

ትርንጎ፦ ስንት ጊዜ ጠራ?

ሻረው፦ አልቆጠርኩም።

ትርንጎ፦ ከአሁን በኋላ ቁጠር። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ተነስቶ ስልኩን እስኪያገኝ አስር ጊዜ ይጠራል። ከዚያ በፊት ተስፋ አይቆረጥም። አራተኛዋ ወለተ ሰንበት፣ አምስተኛው አስፋልት ሥራ ላይ የነበረው ጎበና፣ ስድስተኛዋ...

ሻረው፦ አንድ በአንድ፣ ወይዘሮ ትርንጎ፣ አንድ በአንድ። ቁጥር እየሳትኩ ነው። ... ሃሎ? ከሆስፒታሉ ነው። ክሩን እኛ ነን የቆረጥነው...

ትርንጎ፦ አሁን ሳታቋርጥ አልከው። አምስት ከሃምሳ ነው።

ሻረው፦ ... ወለተ ሰንበት አልዋጡም። ጎበናም አልዋጠም። ስድስተኛዋ አገኘኋት። ሰባተኛው አገኘሁት፣ ልጁ ነው ያነሳው፣ ብልቃጡን ይዞ እየመጣ ነው። ስምንተኛው አስራ አራት ጊዜ ጠራ። አላነሳም። ዘጠነኛዋን።

ትርንጎ፦ ወይዘሮ ዘነቡ። ጠዋት ያላነሳችው እሷ ናት። የሚጥል በሽታ ነው ያለባት።

ሻረው፦ ... ተነሳ! ሃሎ? ወይዘሮ ዘነቡን ፈልጌ ነበር። ከሆስፒታሉ ነው። ... እህ። ... መቼ? ... ነፍስ ይማር። ... የለም፣ የለም፣ ምንም አይደለም። እግዜር ያጽናችሁ።

ትርንጎ፦ ከኋላ የሰው ድምፅ ይሰማል። ብዙ ሰው ነው።

ሻረው፦ ድንኳን ነው። ቅዳሜ ቀብረዋታል።

ትርንጎ፦ ምን ሆነች አሉ?

ሻረው፦ «መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ነው በሽታው የጣላት» አለች እህትየው። ቅሬታ ነበራት ወይዘሮ ትርንጎ። እዚህ መዝገብ ላይ አለች። ሚያዝያ ስድስት በስልክ ያመለከተች፣ ለሚያዝያ ዘጠኝ የተቀጠረች። እኔው ነኝ የዘጋኋት። «ባለጉዳይዋ ባለመቅረቧ።»

ትርንጎ፦ መመሪያውን የፈረምከው አንተ ነህ። በሩን ስትዘጋ ጠረጠርኩ፣ የፈረመውን ስም መጥራት ስትፈራ አወቅሁ።

ሻረው፦ የጥራት ኮሚቴውን ወክዬ ሚያዝያ ሁለት ነው የፈረምኩት። ክሩ በሦስት ተቆረጠ። እሷ በአስራ አንድ ተቀበረች።

ትርንጎ፦ ስንት ሰዓት ነው? ሰዓቴን መዳሰስ ፈራሁ።

ሻረው፦ አልፏል።

ትርንጎ፦ ምን እየጻፍክ ነው? የእስክሪብቶው ድምፅ ይሰማኛል። ጣቴን ሳትወስድ ቅጹን ልትዘጋው ነው?

ሻረው፦ «ተፈትቷል» የሚለውን ሰርዤዋለሁ። «ውጤት» በሚለው ቦታ የጻፍኩትን አንብቤልዎ ይፈርማሉ፣ በእጅዎ። ከዚያ አስረኛውን ይነግሩኛል።

ትርንጎ፦ አንብብ። ሳታሳጥር።

ሻረው፦ «ከአስራ ስምንት ሰዎች ለዘጠኙ ተደውሏል። ስድስቱ የዛሬውን አልዋጡም። ሁለቱ አላነሱም። አንዷ ከሦስት ቀን በፊት ተቀብራለች። የቀሩት ዘጠኙ አልተደወለላቸውም። ሰዓቱ ስድስት ከአራት ደቂቃ ነው።»