የአሮጌው ፕሪንተር ስም

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያና አንድ ሽማግሌ ያወሩ ነበር።

«ዛሬ አዲስ ፕሪንተር የቢሯችን ኔትወርክ ላይ ሳስገባ ዋልኩ፣ አባባ። ስሙንም የአሮጌውኑ ሰጠሁት» አለ ባለሙያው።

«ምነው፣ የራሱ ስም አጣህለት?»

«ኮምፒውተሮቹ ሁሉ የሚያውቁት በድሮው ስም ነዋ። ሌላ ካልኩት ፈልገው አያገኙትም።»

«አሮጌውስ?»

«እሱማ ሞተ፤ መጋዘን ገባ።»

ሽማግሌው ወደ ባለሙያው ዞር አሉ።

«እኔን ምትኩ ያሉኝ፣ ታላቄ በሞተ በዓመቱ ስለተወለድኩ ነው። እናቴ በጠራችኝ ቁጥር የሚታያት እሱ ነበር።»

«ታዲያ ስሙን ልቀይረው?»

«ቀይረው፣ ልጄ። ኮምፒውተሮቹ ይልመዱት፤ እኔን እናቴ ሳትለምደኝ ነው የሞተች።»

እኔም ቡሬ እስክንደርስ ድረስ የትንሹን ልጄን ስም፣ «ካሳ፣ ካሳ» እያልኩ በልቤ ስጠራው ነበር።